ልጄ በራግቢ ለየትኛው ሀገር መጫወት ይችላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። የምንኖረው ደብሊን ነው። እኔም ባለቤቴም ኢትዮጵያ ተወልደን ያደግን ነን። ትልቁ ልጃችን የተወለደው ሮም ነው፤ 7 ዓመት ሲሆነው ወደ አየርላንድ መጣን። አሁን 16 ዓመቱ ነው። ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በሰፈራችን ክለብ ራግቢ ይጫወታል፤ ጎበዝ ነው ይሉናል። አንዱ አሠልጣኝ የአየርላንድ ፓስፖርት ከሌለው ለብሔራዊ ቡድን አይጠራም አለን። ሌላው ደግሞ ለአየርላንድ ወጣት ቡድን አንዴ ከተጫወተ በቃ፣ ለሌላ ሀገር መጫወት አይችልም አለ። ግን ቡንዲ አኪ ኒውዚላንድ ተወልዶ ለአየርላንድ ይጫወታል። ለኒውዚላንድ የተጫወቱ ሰዎችም በኋላ ለቶንጋ ሲጫወቱ አይተናል። ሕጉ በትክክል ምን ይላል? እኛስ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ልጅዎ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መጫወት ይፈቀድለታል። ለአየርላንድ ደግሞ ጥቂት ጊዜ ነው የሚቀረው። በ15 ተጫዋቾች በሚደረገው በዋናው ራግቢ ለሦስቱም ሀገር ፓስፖርት አይጠየቅም። ከ20 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ መጫወትም ዛሬ ማንንም ለአንድ ሀገር ብቻ አያስርም። አሠልጣኞቹ ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። አንደኛው የነገራችሁ የኦሎምፒክን ሕግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ድሮ የነበረውንና የተሻረውን።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንዲይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቅደም ተከተል ነው። ልጅዎ መጀመሪያ የትኛውን ሀገር ማሊያ ለበሰ የሚለው ጉዳይ ለጊዜው ምርጫ ይመስላል። ለእሱ ግን ከሌላ ልጅ ይልቅ ትልቅ ትርጉም አለው። ምክንያቱን ከታች በደንብ አስረዳዎታለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የራግቢን ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያወጣው ወርልድ ራግቢ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው እናንተ ከተማ ነው። ማን ለማን ይጫወት የሚለውን የሚወስነው ደንብ ቁጥር 8 ነው። ደንቡ ከአራት ነገሮች አንዱ እንዲሟላ ይፈልጋል። ተጫዋቹ እዚያ ሀገር ተወልዷል? ከወላጆቹ ወይም ከአያቶቹ አንዳቸው እዚያ ተወልደዋል? ወዲያው ከጨዋታው በፊት ባሉት 60 ተከታታይ ወራት በዚያ ሀገር ፌዴሬሽን ሥር ብቻ ተመዝግቦ ቆይቷል? ወይስ ተደምሮ 10 ዓመት እዚያ ኖሯል? አንዱ ከተሟላ አለቀ። ዜግነት የሚባል መስፈርት የለም።

ይህ ለእኛ ሰው ግር ይላል። ሀገር ቀይሮ መወዳደርን የምናውቀው በአትሌቲክስ ነው። ማርያም ዩሱፍ ጀማል አርሲ ተወልዳ በ2007 እና በ2009 በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባህሬን ሮጣ ነው። ሲፋን ሀሰንም በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ገብታ ለዚያች ሀገር ሮጣለች። እዚያ ግን የአዲሱን ሀገር ዜግነት ሳይዙ አይሆንም። እግር ኳስም እንደዚያው ነው።

ራግቢ ለምን ተለየ? ታሪኩን ሲያዩት ይገባል። ጨዋታው እንግሊዝ ተወልዶ መጀመሪያ ሥር የሰደደው እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊውም፣ ስኮትላንዳዊውም፣ ዌልሳዊውም የሚይዙት አንድ ዓይነት የብሪታንያ ፓስፖርት ነው። ፓስፖርት ብቻ ቢታይ ማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል? የአየርላንድ ቡድን ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከደብሊንም ከቤልፋስትም የመጡ ልጆች በአንድ ቡድን ይጫወታሉ፤ ሁለት መንግሥት፣ አንድ ማሊያ። ስለዚህ ሕጉ ከጥንቱም የሚያየው የትውልድ ቦታን፣ ዘርንና ኑሮን ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ እንሂድ። ሮም መወለዱ ብቻውን ለጣሊያን ያበቃዋል። የጣሊያን የዜግነት ሕግ እንደምታውቁት ጠንከር ያለ ነው። ከውጭ ዜጎች እዚያ የተወለደ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ኖሮ ካልሆነ ዜግነቱን በትውልድ ብቻ መጠየቅ አይችልም። ልጅዎ በ7 ዓመቱ ስለወጣ ይህ አጋጣሚ አልፎታል። ለራግቢ ግን ምንም አያመጣም። የተወለደበት ወረቀት ላይ ሮም የሚል ካለ ጣሊያን ልትጠራው ትችላለች።

ለኢትዮጵያ የሚያበቃው የእናንተ የትውልድ ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ነገር አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ የሌላ ሀገር ፓስፖርት ያወጣ ወላጅ «እኔ እኮ ኢትዮጵያዊነቴን ትቻለሁ፣ ልጄ በእኔ በኩል ምንም የለውም» ይላል። በራግቢ እንደዚያ አይደለም። የሚታየው እርስዎ የት እንደተወለዱ ነው፤ ዛሬ የያዙት ፓስፖርት ቀለሙ አይጠየቅም። ኢትዮጵያ በደንቡ መሠረት ብሔራዊ ቡድን ስታሰልፍ ልጅዎ ሊሰለፍላት ይችላል።

በጉዲፈቻ ለሄዱ ልጆች ወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር፤ አየርላንድ፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ፈረንሳይ ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ አሉ። በሕግ ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ በወላጅና በአያት በኩል ያለው ብቁነት የሚታየው በአሳዳጊ ወላጆቹ ነው። የሥጋ ወላጆቹ በዚህ ስሌት አይገቡም። እሱ ራሱ የተወለደበት ቦታ ግን የትም አይሄድም። አዲስ አበባ ተወልዶ በአይሪሽ ቤተሰብ ያደገ ልጅ ለሁለቱም ሀገር ብቁ ነው ማለት ነው።

የአያት ጉዳይ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው። በ2000 ዌልስና ስኮትላንድ የደረሰባቸውን ማንሳት ይበቃል። ሼን ሃዋርዝ በ1994 ለኒውዚላንድ 4 ጨዋታ ካደረገ በኋላ፣ አያቴ ካርዲፍ ተወልደዋል ብሎ ለዌልስ 19 ጊዜ ተሰልፏል። ሲጣራ ማስረጃ ጠፋ። የቡድን ጓደኛው ብሬት ሲንኪንሰንም አያቴ ዌልሳዊ ናቸው ብሎ ነበር፤ አያቱ የተወለዱት ግን እንግሊዝ፣ ኦልድሃም ሆኖ ተገኘ። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂልተን ደግሞ 41 ጊዜ ከተሰለፈ በኋላ ኤዲንብራ ተወለዱ ያላቸው አያቱ የብሪስቶል ሰው መሆናቸው ታወቀ። ሂልተን ቤተሰቡ የነገረውን ነበር ያመነው። ማን አያቱን የልደት ምስክር ወረቀት አምጡ ይላል? ሲንኪንሰንና ሂልተን በኋላ በኑሮ መስፈርት ብቁ ሆነው ተመልሰዋል፤ ስማቸው ግን መጀመሪያ የዓለም መነጋገሪያ ሆኖ ነው።

የእኛ ሰው ከዚህ ሊማር የሚገባው ብዙ አለ። በኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ በመደበኛነት የተጀመረው በ2016 ነው። የእናንተም የእናቶቻችሁም ትውልድ አብዛኛው ቤት ነው የተወለደው፤ የልደት ቀኑም «በዓመተ ምሕረት እንዲህ፣ በጥምቀት ሰሞን» እየተባለ ነው የሚነገረው። ልጅዎ በወላጅ በኩል ብቁ ስለሆነ የአያቶቹን ወረቀት መፈለግ አያስፈልግዎትም። የእርስዎንና የባለቤትዎን የልደት ምስክር ወረቀት ግን ከአሁኑ አውጥታችሁ፣ አስተርጉማችሁ፣ አረጋግጣችሁ አስቀምጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ጥሪው ሲመጣ የሚሰጧችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ ከደብሊን ሆኖ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማሯሯጥ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ወደ ቡንዲ አኪ እንምጣ። አኪ ኦክላንድ ነው የተወለደው፤ ቤተሰቦቹ የሳሞአ ሰዎች ናቸው። በ2014 ለኮናክት ክለብ ፈርሞ አየርላንድ ገባ። በ2017 ኖቬምበር ላይ በደቡብ አፍሪካ ላይ ለአየርላንድ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ያኔ ሕጉ የሚጠይቀው 36 ወር ኑሮ ብቻ ነበር፤ እሱም እሱን አሟልቷል። ጄምስ ሎውና ጄሚሰን ጊብሰን ፓርክም በዚሁ መንገድ ነው የመጡት። በ2023 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ኒውዚላንድ አየርላንድን 28 ለ24 ስታሸንፍ፣ ለአየርላንድ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የመጨረሻ መስመር አሳልፎ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ካስቆጠሩት ውስጥ ሁለቱ እዚያው ኒውዚላንድ የተወለዱት አኪና ጊብሰን ፓርክ ነበሩ።

36 ወር አጭር ነው የሚል ተቃውሞ በየቦታው ነበር። አርጀንቲናዊው አጉስቲን ፒቾት የወርልድ ራግቢ ምክትል ሊቀ መንበር በነበረበት ጊዜ አጥብቆ ተከራከረበት። በ2017 ሜይ ወር ኪዮቶ ላይ ጉባኤው ወደ 60 ወር እንዲያድግ ወሰነ። እኔም ውሳኔውን ከልቤ እደግፋለሁ። በ36 ወር ጊዜ ክለቦችና ፌዴሬሽኖች ገና የ21 እና የ22 ዓመት ልጆችን ከደቡብ አፍሪካና ከፓሲፊክ ደሴቶች የሚያስመጡት፣ ከ3 ዓመት በኋላ ለብሔራዊ ቡድን እናደርሳቸዋለን ብለው ነበር። 5 ዓመት ግን ሰው ቤት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት ጊዜ ነው። እዚያ ድረስ የቆየ ሰው ለዚያ ሀገር ቢጫወት ማንም ቅር ሊለው አይገባም። በኋላ ደግሞ መለኪያው ራሱ ተቀየረ፤ ዛሬ ለ60 ወሩ የሚቆጠረው በሀገሩ ፌዴሬሽን የተመዘገበበት ጊዜ ነው። ሰውየው ስንት ቀን ከሀገር ወጣ እያሉ የፓስፖርት ማኅተም መቁጠር ቀረ ማለት ነው።

ለልጅዎ ይህ ምን ማለት ነው? ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ምዝገባው ሳይቋረጥ ከተያዘ 60 ወሩ 17 ሲሞላው ያልቃል። በ7 ዓመቱ ስለገባችሁ የ10 ዓመቱም ኑሮ በዚያው ሰሞን ይሞላል። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። የ60 ወሩ ምዝገባ ተከታታይ መሆን አለበት። ነገ አንድ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ክለብ አካዳሚ ቢወስደውና እዚያ ቢመዘገብ ቆጠራው ይቋረጣል፤ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል። የ10 ዓመቱ ግን ድምር ስለሆነ የኖረው ኖረ ነው፣ አይጠፋበትም። ስለዚህ የውጭ አካዳሚ ጥያቄ ከመጣ፣ ከመፈረሙ በፊት 10 ዓመቱ መሙላቱን አይታችሁ ወስኑ።

አሁን ሁለተኛው አሠልጣኝ ወዳነሳው ነገር። ተጫዋች ለአንድ ሀገር የሚታሰረው በሦስት ቡድኖች ነው፦ በዋናው ብሔራዊ ቡድን፣ ፌዴሬሽኑ «ሁለተኛ ቡድኔ» ብሎ አስቀድሞ ባስመዘገበው ቡድን፣ እና ሰቨንስ በሚባለው የ7 ሰው ራግቢ ዋና ቡድን። ከ2000 በፊት ይህ ሁሉ ልቅ ነበር። ፍራንክ በንስ በ1991 የዓለም ዋንጫ ለሳሞአ ተጫውቶ በ1992 የኒውዚላንድን ማሊያ ለብሷል። ከ2000 መግቢያ ጀምሮ ግን አንድ ሀገር ብቻ ሆነ።

ችግሩ «ሁለተኛ ቡድን» የሚለው ነው። አንዳንድ ፌዴሬሽኖች ከ20 ዓመት በታች ቡድናቸውን ሁለተኛ ቡድን ብለው ያስመዘግቡት ነበር። የስቲቨን ሺንግለርን ጉዳይ ይዩት። ዌልሳዊ ነው፤ እናቱ ግን ስኮትላንድ ናቸው የተወለዱት። በ2012 መጀመሪያ ስኮትላንድ ለብሔራዊ ቡድን ጠራችው። ዌልስ «የእኛ ነው» አለች። ነገሩ ሲጣራ ሺንግለር ከዚያ በፊት ለዌልስ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ከፈረንሳይ አቻው ጋር ተጫውቷል። ዌልስም ፈረንሳይም በዚያ ጊዜ ይህንኑ የወጣት ቡድን ሁለተኛ ቡድን ብለው አስመዝግበዋል። ሁለቱም ወገን ስላስመዘገቡ ያቺ ጨዋታ አሰረችው። ተቃራኒው ቡድን ሌላ ሀገር ቢሆንና ያ ሀገር የወጣት ቡድኑን ባያስመዘግብ ኖሮ ነፃ ነበር። ገና ልጅ የሆነ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ማንስ ነግሮት?

ደግነቱ ይህ ተስተካክሏል። ከ2018 ጀምሮ ማንም ፌዴሬሽን ከ20 ዓመት በታች ቡድኑን ሁለተኛ ቡድን ብሎ ማስመዝገብ አይችልም። ስለዚህ ልጅዎ ለአየርላንድ ከ18 ወይም ከ20 ዓመት በታች ቢጠራ ያለ ስጋት ይሂድ፤ ያድግበታል፣ አይታሰርበትም።

ሰቨንስ ግን ይጠንቀቁለት። ብዙ ተጫዋች የ7 ሰውን ራግቢ እንደ ቀላል የበጋ ውድድር ያየዋል። ሲዮኔ ፋካኦሲሌአ በ2013 ለቶንጋ የሰቨንስ ቡድን ተጫውቶ ነበር። በኋላ ሩማኒያ ሄዶ፣ የኑሮ ጊዜውን ጨርሶ፣ ለ2019 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለሩማኒያ ተሰለፈ። በ2013 ለቶንጋ መታሰሩን ያጣራለት አልነበረም።

ያ ማጣሪያ ራሱ በጣም ያሳዝናል። በ2018 ማርች ስፔን ቤልጂየምን ካሸነፈች ጃፓን ወደሚደረገው የዓለም ዋንጫ ትሄድ ነበር። 18 ለ10 ተሸነፈች። ዳኛው ሩማኒያዊ ነበሩ፤ በስፔን መሸነፍ የምታልፈው ደግሞ ሩማኒያ ነበረች። ጨዋታው ሲያበቃ የስፔን ተጫዋቾች ዳኛውን ከበቡ፣ አቤቱታ ተነሣ። ጉዳዩ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ወጣ። ሩማኒያም፣ ስፔንም፣ ቤልጂየምም ብቁ ያልሆኑ ተጫዋቾች አሰልፈዋል። ከስፔን በኩል የተገኙት ቀደም ሲል ለፈረንሳይ ከ20 ዓመት በታች ተጫውተው የታሰሩ ነበሩ፤ ልክ እንደ ሺንግለር። በእያንዳንዱ ጨዋታ 5 ነጥብ ተቀነሰባቸው። ሦስቱም ወደ ታች ወርደው ሩሲያ አለፈች፤ የዓለም ዋንጫውን መክፈቻ ከጃፓን ጋር ቶኪዮ ላይ የተጫወተችውም እሷ ናት።

ቶንጋን በተመለከተ ያዩት ነገር ትክክል ነው፣ ሕጉም አዲስ ነው። በ2021 ኖቬምበር ላይ ጉባኤው አንድ ለውጥ አጸደቀ፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለአንድ ሀገር የተጫወተ ሰው ለ36 ወር ምንም ዓለም አቀፍ ጨዋታ ሳያደርግ ከቆየ ወደ ሌላ ሀገር መዛወር ይችላል። ግን አዲሱ ሀገር እሱ የተወለደበት፣ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ የተወለደበት መሆን አለበት። በዕድሜው የሚፈቀድለትም አንዴ ብቻ ነው፤ ወርልድ ራግቢም ማጽደቅ አለበት።

ቶንጋ 100,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ሀገር ናት። ልጆቿ ኦክላንድና ሲድኒ ተበትነው ነው የሚያድጉት። ቻርልስ ፒዩታው ኦክላንድ ተወልዶ ለኒውዚላንድ 17 ጊዜ ተጫወተ፤ ከ2015 በኋላ አልተጠራም። ኢዝራኤል ፎላው ለአውስትራሊያ 73 ጊዜ ተሰልፏል። ማላካይ ፌኪቶአ ደግሞ ቶንጋ ተወልዶ ለኒውዚላንድ 24 ጊዜ ተጫውቷል። ሦስቱም በ2022 የቶንጋን ማሊያ ለበሱ። በ2023 የዓለም ዋንጫ ደግሞ እንደ ሊማ ሶፖአጋ ያሉ የቀድሞ የኒውዚላንድ ተጫዋቾችን የያዘችው ሳሞአ እንግሊዝን ልታሸንፍ ደርሳ 18 ለ17 ተረታች። በዚሁ ሕግ የአውስትራሊያው ጃክ ዴምፕሲ በአያቱ በኩል ወደ ስኮትላንድ ተዛውሯል።

ትልልቆቹ ሀገሮች ጨምቀው የጣሉትን ነው ትንንሾቹ የሚያገኙት የሚል ትችት እሰማለሁ። እኔ አልቀበለውም። ከዚህ በፊት የነበረው ግፍ ነው። በ20 ዓመቱ ለኒውዚላንድ 10 ደቂቃ ተጫውቶ ዳግም ያልተጠራ ልጅ ለእናቱ ሀገር ሳይጫወት ያረጅ ነበር። ያ ቀርቷል፤ ጥሩ ሆነ።

አንድ የማያሳምነኝ ነገር ግን አለ፤ እሱም በቀጥታ ልጅዎን ይነካል። ዝውውሩ በኑሮ የመጣን ብቁነት አይጨምርም። ልጅዎ ከአየርላንድ ጋር የሚያገናኘው ኑሮና ምዝገባ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ለአየርላንድ ቢጫወትና በኋላ ቢተውት፣ 36 ወር ጠብቆ ለጣሊያን ወይም ለኢትዮጵያ ሊጫወት ይችላል፤ አንዱ ትውልዱ፣ ሌላው ወላጆቹ ናቸው። መጀመሪያ ለጣሊያን ከተጫወተ ግን ወደ አየርላንድ መሄጃ የለውም። ከ7 ዓመቱ ጀምሮ ያደገባት፣ ራግቢን የተማረባት፣ ጓደኞቹ ሁሉ ያሉባት ሀገር ለዘለዓለም ትዘጋበታለች። በልጅነቱ ሀገር የገባ ሰው እዚያ ከተወለደ ሰው በምን እንደሚያንስ አይገባኝም። ይህ የደንቡ ክፍል ቢሻሻል ደስ ይለኛል። እስኪሻሻል ድረስ ግን በዚህ ነው የምንሠራው።

ከዚህ የምመክራችሁ ነገር ይወጣል። ልጅዎ ልቡ አየርላንድ ከሆነ፣ የጣሊያን ጥሪ ቀድሞ ቢመጣ አትቸኩሉ። የጣሊያን ጥሪ መጥቶ ከአየርላንድ ተስፋ የለም የምትሉበት ቀን ከደረሰ ደግሞ እያወቃችሁ ወስኑ። ያለ ዕውቀት የተወሰነ ሲሆን ነው የሚያንገበግበው።

በወረቀት ጉዳይ አንድ ታሪክ በቅርብ እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ስፔን ለ2023 የዓለም ዋንጫ በሜዳ ላይ አልፋ ነበር፤ ከ1999 ወዲህ የመጀመሪያዋ ይሆን ነበር። ቡድኑ ውስጥ አንድ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ፕሮፕ (የፊት መስመር ተጫዋች) ነበር፤ ያኔ ገና ይሠራ በነበረው የ36 ወር ኑሮ ብቁ ነው ተብሎ ከኔዘርላንድስ ጋር በተደረጉ 2 ጨዋታዎች ተሰልፏል። በኋላ የፓስፖርቱ ኮፒ ሲታይ ተነካክቷል። ከስፔን ውጭ ከሚፈቀደው በላይ መቆየቱ እንዳይታወቅ የጉዞ ማኅተሞቹ ተለውጠዋል። ማንም ሰው ዋናውን ፓስፖርት አገላብጦ አላየም፤ ኮፒውን አምነው ፋይል ውስጥ ከተቱት። በ2022 ኤፕሪል 10 ነጥብ ተቀነሰባቸው፣ የገንዘብ ቅጣትም ተጣለ። በእነሱ ቦታ ሩማኒያ አለፈች። ፖርቱጋል ደግሞ የመጨረሻ ዕድል ማጣሪያ አገኘች፤ ዱባይ ላይ ከአሜሪካ ጋር 16 ለ16 ወጥታ ዓለም ዋንጫ ገባች፣ እዚያም ፊጂን 24 ለ23 አሸነፈች። ለፖርቱጋል ደስታ ነው። ስለ አንድ ኮፒ ምንም የማያውቁት የስፔን ልጆች ግን ዓለም ዋንጫውን በቴሌቪዥን ነው ያዩት።

ስለ ፓስፖርት አንደኛው አሠልጣኝ ያለው የሚሠራባቸው ቦታዎችም አሉ። ኦሎምፒክ ከ2016 ጀምሮ ሰቨንስ ራግቢን ይዟል፤ የኦሎምፒክ ቻርተር ደግሞ ያለ ዜግነት አያሰልፍም። ልጅዎ ፈጣን ከሆነና ሰቨንስ ከወደደ የአየርላንድ ዜግነት ማመልከቻ ጉዳይ ከአሁኑ ይታሰብበት። ሌላው፣ አንዳንድ ሀገር ከደንቡ በላይ የራሱን መስፈርት ይጨምራል። ሐራሬ የተወለደው ቴንዳይ ምታዋሪራ ለደቡብ አፍሪካ ከ2008 ጀምሮ እየተጫወተ ሳለ፣ ዜጋ ሳይሆን ለምን ይሰለፋል የሚል ክርክር ከመንግሥት በኩል ተነሣበት፤ በ2010 ዜግነቱን አግኝቶ ነው የተገላገለው። በኋላም 117 ጊዜ ተሰልፎ የ2019ን የዓለም ዋንጫ አንስቷል። ፈረንሳይም በ2016 መጨረሻ ፓስፖርት የሌለውን አልጠራም ብላ ወስናለች።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ልታደርጉት የምትችሉት ይህ ነው። ክለቡን የልጁን የምዝገባ ታሪክ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከየትኛው ቀን ጀምሮ፣ ሳይቋረጥ መሆኑ ይታይ። የትኛው የልጅነት ምዝገባ ለ60 ወሩ እንደሚቆጠርም የአየርላንድ ፌዴሬሽን በጽሑፍ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ነገር በኋላ አይረዳም። ከሮም ማዘጋጃ ቤት ሙሉውን የልደት ማስረጃ አስወጡ። ለ10 ዓመቱ ኑሮ ደግሞ የትምህርት ቤት ደብዳቤዎች፣ የኪራይ ውል፣ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀት ሳይቀር በየዓመቱ ለይታችሁ አስቀምጡ። ፓስፖርት ስታሳድሱ አሮጌውን አትጣሉት።

ከአየርላንድም ከጣሊያንም ጥሪ ሲመጣ፣ ከ20 ዓመት በታች እስካልሆነ ድረስ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት አንድ ጥያቄ በኢሜይል ላኩ፦ «ይህ ቡድን ተጫዋቹን ለሀገሪቱ ያስረዋል ወይ?» ሰቨንስ ሲሆንም «ኤ» የሚባለው፣ ከዋናው ቀጥሎ ያለው ቡድን ሲሆንም ጠይቁ። መልሱን ሳታገኙ ጫማውን ይዞ አይውጣ። መልሱ የሚያሻማ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።